በጁምዓ የጮኸው ጊታር

ጊታር መቺው ሆሴዕ በትንሿ የቡ ከተማ ቡና መፈልፈያ አዳራሽ ውስጥ አንገቱ በድምፅ ማጉያው ገመድ ታንቆ፣ ግንባሩ በማይክ ዘንግ ተፈርክሶ ተዘርሯል። ገመዱን ሲፈታ የተያዘው ታላቅ ወንድሙ ዕንባቆም ግድግዳ ሥር ታስሯል። አብዮት ጠባቂዎቹ በሰደፍ ጥርሱን አራግፈውታል።

ሃምሳ አለቃ ዋቅጅራ ከጅማ ፖሊስ ደርሶ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ካድሬው ጓድ ዘርሁን ተቀበለው።

«ምን አደከመህ? ገዳዩ ይኸው! ጴንጤ ነው። ‹ይሄ ጊታር ይገድልሃል› ሲለው ያልሰማ የለም። ሳይመሽ ይረሸናል!»

«እስኪመሽ ይስጡኝ፣ ጓድ» አለ ዋቅጅራ። ነገር ሳያላምጥ የማይውጥ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ «ጥላውንም ይመረምራል» እያሉ ይቀልዱበታል።

መጀመሪያ ለማታው በዓል ትናንት ከጅማ የመጣውን የኪነት ቡድን ድምፃዊት ተስፋነሽን ጠራ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሆሴዕ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ወይኔ ሆሴዕ! ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ተወልዶ፣ ከወላይታ የመጡት ወላጆቹ በሚያመልኩበት ቤት ጊታር ያስያዘው ይኸው ዕንባቆም ነው። ቤቱ ሲታሸግ የኮሌጅ ተማሪዎች የሮክ ሸክላ አሰሙት፤ በቃ፣ አበደ! ጎፈሬውን አሳደገ፣ ጊታሩን እንደ ሰው ያስለቅሰው ጀመር። መዝሙሩ ግን ከጣቱ አልወጣም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አለቃችን ዓለምብርሃን አዲስ አበባ የተሸለመበት የአብዮት ማርሽ... ዜማው የሆሴዕ የልጅነት መዝሙር ነው። ሆሴዕ ‹ዛሬ ማታ በመዝሙሩ ግጥም እዘፍነዋለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ማሎ፣ እባክዎ፣ ከእኔ ሰማሁ እንዳይሉ!»

ዋቅጅራ የሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ። ሰው ሁሉ ቡጢውን ሽቅብ አንስቶ የሚዘምረው ማርሽ የጴንጤ መዝሙር መሆኑ ከታወቀ ሰራቂውም፣ ዕንባቆምም፣ ይህችም ምስኪን አንድ ጉድጓድ ነው የሚገቡት።

ዓለምብርሃን እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ መጣ።

«ሰው ሁሉ መስጊድ ገብቶ ጭር ሲል በደጁ አለፍኩ። ጊታሩ በማጉያው ይጮኻል። ከዚያ ከጓድ ዘርሁን ጋር ምሳ ቤት ተቀመጥን። እንግዲህ ዕንባቆም የገባው ያን ጊዜ መሆን አለበት።»

ዋቅጅራ ወደ መፈልፈያው ሞተረኛ ሄደ።

«ኦቦ ሸምሰዲን፣ ማጉያው መብራት ከየት ያገኛል?»

«ከእኔ ሞተር ነዋ! የቡ ሌላ መብራት የት አለ?»

«ዕንባቆምንስ አይተኸዋል?»

«ኤዬ፣ አይቼዋለሁ፤ ወደ ሶላት ስሄድ ከመኪና ሲወርድ።»

«መስጊዱ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ጩኸት አልሰማህም?»

«ወላሂ፣ ምንም!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋቅጅራ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ሰው እንዲህ ሲቀጠቀጥ ይጮኻል። ሆሴዕን ግን የሰማው የለም። ለምን? የተገደለው ሞተሩ እያጓራ ሳለ ነው። ኦቦ ሸምሰዲን፣ ዓርብ ሶላት ስትሄድ ሞተሩን ምን ታደርገዋለህ?»

«አጠፋዋለኋ! በጁምዓ ሰዓት መስጊድ አጠገብ ሞተር ሲጮህ ነውር አይደል?»

«እንግዲያው ዕንባቆም ሲደርስ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሆሴዕም ሞቷል።» ወደ ዓለምብርሃን ዞረ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። በጁምዓ ሰዓት ጊታሩ በማጉያ ሲጮህ ሰማሁ አልከኝ። በምን መብራት? የመጣችሁት ትናንት ነው፤ ጅማ ደግሞ መብራት ለጁምዓ አይጠፋም። የየቡን ልማድ አታውቅም ነበር። ምሳ ቤት እስክትቀመጥ ድረስ ሆሴዕ በሕይወት ነበር እንዲባል የሚፈልግ ሰው ገዳዩ ብቻ ነው። እስቲ እጅህን አውጣ!»

አላወጣም። ጠባቂዎቹ ጎትተው አወጡት። ሁለቱንም መዳፎቹን ገመዱ ሰርስሮ ልጧቸዋል።

«ለካስ ‹ሆዴን አሞኛል› ብለህ እንጀራ ያልቆረስከው ለዚህ ነው!» ጓድ ዘርሁን ሽጉጡን መዘዘ። «ለምን ገደልከው?»

«ያ ማርሽ እኮ...»

ዋቅጅራ በራሱ ሽጉጥ እጀታ አፉን አለው። ዓለምብርሃን ደም እየተፋ ተንበረከከ።

«ቅናት ነው፣ ጓድ» አለ ዋቅጅራ። እስረኛ መትቶ አያውቅም ነበር።

ዓለምብርሃንን ከቡናው ክምር ጀርባ ወሰዱት። ሁለት ጥይት ተሰማ። ዕንባቆምን ፈቱት።

«በዓሉ አይቀርም!» አለ ጓድ ዘርሁን። ሸምሰዲን ሞተሩን አስነሳ፤ ተስፋነሽ እንባዋን እየዋጠች ማርሹን ጀመረች። ጓድ ዘርሁን ቀጥ ብሎ ቆሞ ግራ ቡጢውን ሽቅብ አነሳ።

ዕንባቆም በወንድሙ ሬሳ ላይ ጎንበስ ብሎ በዚያ በፈረሰ አፉ የመዝሙሩን የጥንት ግጥም አብሯት አንሾካሾከ። ከአጠገቡ የሰማው ዋቅጅራ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።