የእሁዱ ቁስል

የሰዲቅን አስከሬን ከመስኖው ቦይ ዳር አንስተው ማንጎ ሥር ሲያጋድሙት ኢንስፔክተር በላይነሽ ደረሰች። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰባት ዓመት አገልግላለች፤ ሙቀቱን ግን ዛሬም አልለመደችውም። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ግንባሩ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ገዳዩን አውቆ ጨርሷል፤ የማሳ ጎረቤቱ ጁነይድ ነው። በዚያ ረቡዕ ጠዋት በውኃ ተራ ተጣልተው ገፍቶ ጥሎታል።

«ገፍቼዋለሁ፣ አልክድም» አለ ጁነይድ። «ግን ወላሂ፣ እንደ ባዶ ጆንያ ነው የወደቀው። ቀድሞም ይንገዳገድ ነበር።»

«ውሸት ነው!» አለ የሟች ታላቅ ወንድም ሙሀሲን። «እስከ ዛሬ ጠዋት እንደ ብረት ነበር። ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም።»

በላይነሽ ቃሉን ጻፈች። ከዚያ የሟችን ሚስት ጣይባን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«ሰሞኑን ምን ይል ነበር?»

«ከእሁድ ወዲህ ብርሃን ጠልቶ በቀን መስኮት ዝጊ ይለኛል። ትናንት አስመለሰው፤ ስሜም ጠፋበት። ምን ሆንክ ስለው የማንጎ ቅርንጫፍ መታኝ አለ።»

«ሐኪም ቤትስ?»

«መታመሙን ያወቅሁት ሙሀሲን እሁድ መግሪብ ላይ የራስ ምታት ክኒን ይዞለት ሲመጣ ነው። ልውሰደው ብል ‹ይሄ ይበቃዋል› አለኝ።»

የምርመራው ውጤት በአሥረኛው ቀን መጣ። በላይነሽ ሦስቱንም ለቅሶው ቤት ሰበሰበቻቸው። ደክሟት ስለነበር ተቀምጣ ተናገረች።

«አስከሬኑን የመረመሩት ዶክተር ሐና ናቸው። አንጎል ሲመታ ይቆጣል፤ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ሊጠግኑት ይሰበሰባሉ። ቁጣው ሲበዛ ጤነኛውንም ይጎዳል፣ አንጎሉ ያብጣል፣ የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ቀድመው የሚደርሱት ሕዋሳትና በሦስተኛው ቀን ገደማ የሚበዙት ይለያያሉ። ሰዲቅ ላይ የተገኙት የሦስተኛው ቀን ናቸው። የረቡዕ ውድቀት ቆዳውን ብቻ ነው የላጠው። የገደለው ምት የእሁድ ነው።»

ጁነይድ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ቅርንጫፍ መታኝ ብሏል እኮ» አለ ሙሀሲን።

«ቁስሉ ከጆሮው ኋላ፣ ፀጉሩ ሥር ነው፤ እንደ ዶማ እጀታ ቀጥ ያለ። ቅርንጫፍ ቢሆንስ አንተን ምን አስዋሸህ? ራሱን አሞት አያውቅም ያልከኝ አንተ፣ እሁድ የራስ ምታት ክኒን ያመጣህለትም አንተ። ከሚስቱ ቀድመህ መታመሙን በምን አወቅህ?»

ሙሀሲን ፊቱን ከጣይባ አዞረ።

«የአባታችንን ማንጎ ነቅዬ ሽንኩርት ልትከል ስል እምቢ አለኝ። አንዴ ነው የመታሁት። ተነስቶ በእግሩ ሄደ። ዳነ አልኩ… ሐኪም ካየው ደግሞ ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ወስጄው ቢሆን ይተርፍ ነበር?» አለች ጣይባ።

በላይነሽ መዋሸት አማራት፤ አልቻለችም። «ቁጣውን ራሱን የሚያበርድ መድኃኒት ገና እየተፈለገ ነው ብለውኛል ዶክተሯ። እብጠቱን ግን ሐኪሞች ይቀንሱታል፤ ካስፈለገም የራስ ቅሉን ይከፍታሉ። ሊተርፍ ይችል ነበር።»

ጣይባ ወደ ሙሀሲን ዞረች።

«ስሜ ጠፍቶበት እንኳ የአንተን ስም አላነሳብኝም» አለችው። «ወንድሙ ነበርክ።»