የእምዬ ዘነቡ መጥረጊያ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እኔ አያ ጓንጉል ነኝ፤ የዚህ መንደር ቀልደኛ።

ሳወራ ትንሽ እጨምራለሁ። ስጨምር ከሰማችሁኝ ጮክ ብላችሁ «ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል!» በሉኝ።

እምዬ ዘነቡ የምትባል አሮጊት ነበረች። የሃያ ልጆች እናት፣ የሁለት መቶ ልጆች አያት!

«ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል!»

እሺ፣ እሺ። የአራት ልጆች እናት፣ የዘጠኝ ልጆች አያት። ግን መንደሩ በሙሉ «እምዬ» ነበር የሚላት።

ከዘጠኙ የመጨረሻዋ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርስ የላትም።

አርብ አርብ እምዬ ዘነቡ መጥረጊያዋን ትይዝና ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ትርንጎ ቀሚሷን ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላታለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ብቻ ነው። ከትልቁ ዋርካ አንድ ቅጠል ሲወድቅ፣ ሥሩ ሦስት ላም ይተኛበታል!

«ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል!»

እሺ፣ አንድ ጫጩት።

ሿ! ሿ! ሿ! እምዬ ትጠርጋለች። እየጠረገችም ትጸልያለች።

«እመቤቴ፣ የማንጠግቦሽን ልጆች አደራ።» ሿ! «የአዱኛን በሬ አደራ።» ሿ!

«የዚያን የጓንጉልን ምላስ አደራ!» ሿ! ሿ! ሿ! ለኔ ምላስ ሦስት ጊዜ ነው የምትጠርገው።

እሑድ ጠዋት እኛ ስንመጣ ግቢው ጥርት ብሎ ይጠብቀናል። ማን ጠረገው ብሎ የጠየቀ የለም። መጥረጊያውን አንድ ቀን እንኳ የተቀበላት የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን እምዬ ዘነቡ ከአልጋዋ ሳትነሣ ዋለች። በማግስቱም አልተነሣችም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አልጋዋ ዙሪያ ተሰበሰበ። እምዬም ቀስ ብላ ተናገረች።

«እንግዲህ እኔ መሄዴ ነው። አርብ አርብ የእመቤቴን ደጅ ማን ይጠርግልኛል?»

«እኔ!» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

«እኔ!» አለ ጋሽ አዱኛ።

ከሁሉም አስበልጦ «እኔ! እኔ እያለሁ!» ብሎ የጮኸው ግን እኔ ነኝ፤ አያ ጓንጉል።

ትርንጎ ጥግ ላይ ቆማ በጣቷ ቆጠረችን። አንድ። ሁለት። ሦስት።

እምዬ ዘነቡ ፈገግ አለች። ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ወዲያ አልገለጠችውም።

እዚያው ማርያም ግቢ ውስጥ ቀበርናት። የኔ እንባ ወንዝ ሆኖ ድልድይ ይዞ ሄደ!

«ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል!»

እሺ፣ ጋቢዬን አረጠበው።

አርብ ደረሰ። ትርንጎ የእምዬን መጥረጊያ ከጓዳ እየጎተተች አወጣችው። መጥረጊያው በቁመት ይበልጣታል።

«ዛሬ ሦስት ሰው ይመጣል» አለችና ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ቅጠል ወደቀ። ሌላ ቅጠል ወደቀ። ሰው ግን አልመጣም።

«ረስተው ይሆናል» አለች ትርንጎ። ተነሥታ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ሄደች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አርብ ነው! እንጥረግ!»

«ውይ የኔ ልጅ! ወገቤ! ወገቤ ተይዞ ጎንበስ ማለት አቃተኝ» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

«እግዜር ይማርዎት» አለች ትርንጎ። ከልቧ ነው።

ሌላ አርብ መጣ። ትርንጎ ጋሽ አዱኛ ቤት ሄደች።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ጋሽ አዱኛ፣ አርብ ነው! እንጥረግ!»

«አይ ልጄ! እግሬ! እግሬ አብጦ መራመድ አቃተኝ» አለ ጋሽ አዱኛ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው።

«እግዜር ይማርዎት» አለች ትርንጎ። ከልቧ ነው።

ሌላ አርብ መጣ። አሁን የኔ ተራ ደረሰ።

ኳ! ኳ! ኳ!

እኔ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ነበር። ቶሎ ብዬ ሁለቱን እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ።

«አያ ጓንጉል፣ አርብ ነው! እንጥረግ!»

«ወይኔ ትርንጎ! እጄ! ሁለቱም እጄ! ጣቴን ማጠፍ አቃተኝ» አልኳት።

«እግዜር ይማርህ፣ አያ ጓንጉል» አለችኝ። እሷ ከልቧ ነው። እኔ አፌ ውስጥ የቀረው ቆሎ እንዳይንኮሻኮሽ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ።

በአራተኛው አርብ የማንንም በር አላንኳኳችም። ብቻዋን ሄደች።

ሿ! ሿ! ሿ! አንድ ቅጠል ጠረገች። ዐሥር ቅጠል ወደቀ።

ሿ! ሿ! ሿ! ዐሥር ቅጠል ጠረገች። ነፋሱ ፉውውው! አለና መልሶ በተነባት።

«እምዬ ብትኖር ይሄኔ ጨርሳ ነበር» አለች ትርንጎ። እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ክንዷ ደግሞ ቀጭን ነው። የቻለችው የእምዬን መቃብር ብቻ ነው። አንድ ሰፌድ የሚያህል ቦታ።

እየጠረገችም እንደ እምዬ ጸለየች። «እመቤቴ፣ የእትዬ ማንጠግቦሽን ወገብ አደራ።» ሿ! «የጋሽ አዱኛን እግር አደራ።» ሿ! «የአያ ጓንጉልን ሁለቱንም እጅ አደራ!» ሿ! ሿ!

በአምስተኛውም አርብ እንዲሁ አደረገች። ሰፌድ የሚያህል ቦታ ጠረገች፣ ጸለየች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

እምዬ ካረፈች አርባ ቀን ሞላ። በአርባኛው ቀን መቃብሩ ላይ ይጸለያል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ተዝካር ይበላል።

የዚያን ቀን የቀረ ሰው የለም! እትዬ ማንጠግቦሽ መጣች። ጋሽ አዱኛ መጣ። እኔማ ከዶሮ ጩኸት ጀምሬ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ።

ግቢው ውስጥ ገባን። ቅጠሉ እስከ አንገታችን ድረስ ነው!

«ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል!»

እሺ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታችን። ግን ሁሉም ቦታ ቅጠል ነው፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

«መቃብሯ የታል?» አሉ ቄሱ፣ መምሬ ገብሩ።

«እዚህ ጋ ነበር» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ።

«የለም፣ እዚያ ጋ ነበር» አለ ጋሽ አዱኛ።

እኔ ወዲህ ሄድኩ። እኔ ወዲያ ሄድኩ። በአርባ ቀን የእምዬ መቃብር ጠፋብን።

አሁን «ኧረ ተው» አትበሉኝ፣ ልጆች። ይቺን አልጨመርኩም።

«ወዲህ ነው» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ትርንጎ ከዋርካው ወዲያ ማዶ ቆማለች። እግሯ ሥር ሰፌድ የሚያህል ንጹሕ መሬት አለ።

ሁላችንም ዙሪያውን ቆምን። መምሬ ገብሩ ጸለዩ። ዓይኑን ከመሬት ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ እምዬ ቤት ሄድን። የትርንጎ እናት ዳቦውን ቆርሳ፣ ወጡን አቅርባ ትጠብቃለች።

ጋሽ አዱኛ ቦታ እንዳይያዝበት ሮጦ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገባ። ትርንጎ የእጅ ውኃ ይዛ ልታስታጥበን መጣች።

እትዬ ማንጠግቦሽ እጥፍ ብላ ጎንበስ አለችና እጇን ታጠበች። እኔም ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁ። ዐሥሩንም ጣቶቼን አጠፍሁ፣ ዘረጋሁ፣ አሸሁ።

ትርንጎ ጆጉን እንደያዘች ቀጥ አለች። አየችን። ከዚያ ፊቷ በራ!

«እማዬ! እማዬ! ድነዋል! የእትዬ ማንጠግቦሽ ወገብ ድኗል! የጋሽ አዱኛ እግር ድኗል! የአያ ጓንጉል ሁለቱም እጅ ድኗል!»

«ምን ሆነው ነበር?» አለች እናቷ።

«ታመው ነበር እኮ! ለዚህ ነው መጥረግ ያቃታቸው። እኔ ለመንኩላቸው፤ እምዬም ሰማይ ቤት ሆና ለመነችላቸው!»

ማንም አልሳቀ። ማንም አልጎረሰ።

እኔ የታጠብኩትን እጄን መልሼ ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ።

«አሁንማ አርብ አራት ሆነን እንጠርጋለን፣ አይደል?» አለች ትርንጎ።

«አዎ» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ፣ መሬት መሬት እያየች። «አዎ» አለ ጋሽ አዱኛ። «አዎ» አልኩ እኔ።

አርብ ሲደርስ አራት ሆነን ጠረግን። ሿ! ሿ! ሿ! ሿ!

በሚቀጥለው አርብ ሦስት ሆንን። እትዬ ማንጠግቦሽን ጉንፋን ይዟታል። ሿ! ሿ! ሿ!

በሚቀጥለው አርብ ሁለት ቀረን። የጋሽ አዱኛ በሬ ጠፍቷል። ሿ! ሿ!

ሁሉም ተመልሶ መጣ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልመጡም።

ትርንጎና እኔ ብቻችንን ስንጠርግ መጥረጊያዬን አቆምኩ።

«ትርንጎ» አልኳት፣ «እጄ እኮ አላመመኝም ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

እሷም መጥረጊያዋን አቆመች።

«ታዲያ ያ ሁሉ የለመንኩልህ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እንጃ… ምላሴ ጋ ሄዶ ይሆናል» አልኳት።

ትርንጎ «ምላስህን አውጣ» አለችኝ። አወጣሁ። ገልበጥ አድርጋ የምታይ ይመስል ተጠግታ አየችው።

«ገና ነው» አለች። «ለምላስህ ሦስት ጊዜ ጥረግ።»

ሿ! ሿ! ሿ! ጠረግሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ትርንጎ ደክሟት ዋርካው ሥር ጋደም አለች። አዘልኳት። መጥረጊያውን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ቤቷ ወሰድኳት።

እናቷ ከእምዬ አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ የእምዬን ነጠላም አለበሰቻት። መጥረጊያውን ከራስጌዋ አቆምኩላት።

ትርንጎ ዓይኗን ሳትገልጥ «አያ ጓንጉል፣ አርብ ትመጣለህ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

በሩ ጋ ቆሜ «ኧረ ተው፣ አያ ጓንጉል» ትለኝ እንደሆነ ጠበቅሁ።

አላለችም። ተኝታለች። ከንፈሯ ብቻ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል።

ሿ… ሿ… ሿ…