ለመምህርቷ የሚተዉ ቃላት

ዶን ኤቫሪስቶ ሉሲያርዶ ጀርባቸውን በትራስ ደግፈው፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሞተው ተገኙ። ሐምሌ ነው፤ በሞንቴቪዴዮ ሐምሌ ብርድ ነውና ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ኢንስፔክተር ኦታሜንዲ ደጃፉ ላይ ቆሞ አስከሬኑን ረዘም ላለ ጊዜ አየ፤ ምንም አልተሰማውም።

ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያይ የኖረ ሰው ልቡ ቢደነዝዝ አይፈረድበትም። የሱ ግን ባሰ። አምና ታላቅ ወንድሙን ሲቀብር እንኳ የሳጥኑን ሚስማር ሲቆጥር ነበር። አሥራ አራት ነበሩ። «ምን ነካኝ?» ብሎ ሰነበተና መልስ ሲያጣ ጥያቄውንም ተወው። ዓይኑ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እንጀራውንም የሚበላው በዓይኑ ነው።

የሰፈሩ ሳጅን ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቀው።

«ያለቀለት ጉዳይ ነው ጌታዬ» አለ። «ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ወትሯቸው የቫይታሚን መርፌያቸውን ተወጉ። የወጋቸው ዶክተር ፒሪስ ነው፤ እዚሁ ፔንሲዮን ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት ሲሞሉ ቆዩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋዜጣውን በጎረቤታቸው በዶኛ ኤርሚኒያ በር ሥር አሾለኩት። በየቀኑ እንደዚያ ነው፤ እሳቸው ይጀምራሉ፣ እሷ ትጨርሳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምግብ አብሳይዋ ራሞና በር ላይ በርጩማው ላይ የተወችውን ትሪ አስገብተው ማቴ የሚባለውን ሻያቸውን ጠጡ። ግማሹን። አራት ተኩል ላይ ትሪውን ልታነሣ ስትገባ እንዲህ ሆነው አገኘቻቸው። ማቴው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ ደግሞ ከወጥ ቤቱ የስኳር ቆርቆሮ ጀርባ አገኘን። ራሞናን ጣቢያ ወስደናታል፤ ነገ ዳኛ ፊት ትቀርባለች።»

«ምን በድለዋት ነው የምትገድላቸው?»

«እሁድ ዕለት ሾርባው ጨው በዛበት ብለው ሲቆጧት ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«በጨው ሰው አይገደልም።»

«ሌላ ማን አለ ታዲያ? መርፌው ቢሆን ኖሮ እዚያው ነበር የሚጥላቸው። እሳቸው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሲፈልጉ ነበር። ጋዜጣው ምስክር ነው።»

«ጋዜጣው ምስክር ነው» ሲል ኦታሜንዲ ቀስ ብሎ ደገመው። ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር አየ፤ ከቆሻሻ መጣያዋ ውስጥ ከሳልቶ ከተማ የመጣ ባዶ ፖስታ አነሣና የላኪውን ስም አነበበ። የሟቹ የወንድም ልጅ መሆኑን ሳጅኑ ነገረው። ደብዳቤው ክፍሉ ውስጥ የለም። ፖስታውን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ዶኛ ኤርሚኒያ የሰባ ስምንት ዓመት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሰው ረስቶት እንደሄደ ጓንት ተጋድሟል። ጋዜጣው ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ከሦስት መስመር በቀር ሣጥኖቹ ሁሉ በትልልቅ ሰማያዊ ፊደላት ሞልተዋል።

«ሁሌ በሰማያዊ እርሳስ ነው?» አላቸው።

«የጉምሩክ እርሳስ ነው። ዶን ኤቫሪስቶ አርባ ዓመት የወደብ ሣጥን ሲያሰምሩበት ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ ካርቶን ይዘው ወጡ። ለኔም ሰጡኝ።»

«ዛሬ ጋዜጣውን ሲያሾልኩልዎ አይተዋቸዋል?»

«ወረቀቱ ሲንሿሿ ሰማሁ። በሩን አልከፈትኩም። መቼም ከፍቼ አላውቅም።»

«ሦስት መስመር ቀርቷል።»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«የደረሰዎት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አስከሬኑ የተገኘው አራት ተኩል ላይ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ፊደል እንኳ አልጻፉም?»

«አሞኛል አልኩህ እኮ ልጄ» አሉና ጋዜጣውን በጤነኛ እጃቸው ገለበጡት። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ግድግዳውን ነው ያዩት። ኦታሜንዲም አልተከራከራቸውም፤ «ጋዜጣውን ልውሰደው» ብሎ አስፈቅዶ ወጣ።

ምግብ ቤት ውስጥ የቤቱ ባለቤት ዶኛ ሴሌስቴና ዶክተር ፒሪስ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ገና ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ማለዳ ከጎረቤቷ ጋር ገበያ ወጥታ አራት ሰዓት ላይ ነው የተመለሰችው፤ ጎረቤቷም ይህንኑ መስክራለች። ፒሪስ አርባ ዓመት የሞላው፣ ጢሙን የሚንከባከብ ሰው ነው።

«ምስኪን» አለ ፒሪስ። «ስወጋቸው እንኳ ደህና ነበሩ። ጋዜጣዬን አቀብለኝ ብለውኝ አቀብያቸው ነው የወጣሁት።»

«መስቀለኛ ቃላቱን እርስዎም ይሞክራሉ?»

«እኔማ ከቡና ጋር ነው የምጨርሰው፤ እዚህ ግን ጋዜጣው አንድ ነው፣ ወረፋ አለው። ሽማግሌው አንድ ሰዓት ያምጡና ሦስት አራቱ ሲያቅታቸው ለመምህርቷ ይገፉታል። ምሳ ላይ ሴሌስቴ መልሱን ጮክ ብላ ታነብልናለች። እኔ ደግሞ ‹ዶን ኤቫሪስቶ፣ ዛሬም መምህርቷ ከገደል አወጡዎት?› እላቸዋለሁ። እንስቃለን።»

«እሳቸውም ይስቃሉ?»

ፒሪስ አሰበ። «እሳቸው ሾርባቸውን ነው የሚጠጡት።»

«ዶኛ ኤርሚኒያማ ምላጭ ናቸው» አለች ሴሌስቴ። «ዕድሜ ለመስቀለኛ ቃላት። አእምሮው የደከመ ሰው እዚህ አላስቀምጥም፤ አምና አንዱ ጋዝ ከፍተው ተኝተው ልንጋይ ነበር። ክፉ ሆኜ አይደለም። እንዲህ ያለውን ወደ መጦሪያ ነው የምሸኘው፣ አልቅሼም ቢሆን።»

ኦታሜንዲ ወጥ ቤት ገባ። ምድጃው አጠገብ ለእሳት ማቀጣጠያ የተቆለለ አሮጌ ጋዜጣ አለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሱም ከሥር ጀምሮ ሃያውን አገላበጠ። ቀለሙ አንድ ቢሆንም እጁ ሁለት ነበር። አንደኛው እጅ ሣጥን ላይ እንደሚያሰምር ጠንከር አድርጎ ይጽፋል። ሌላው ይንቀጠቀጣል፤ በየቀኑ ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ ነው። የተንቀጠቀጡትን ቃላት ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበበ። «ከወተት የሚሠራ፣ በዳቦ የሚበላ»። «የእናት እህት»። «አይጥ የሚያሳድድ የቤት እንስሳ»። ከዚያ የዛሬዎቹን ባዶ መስመሮች አየ። «የጥንት ፋርስ የክፍለ ሀገር ገዥ ማዕረግ»። «በግሪክ መቅደስ ዓምድ አናት ላይ ያለ ቅርጽ»። «የደቡብ ባሕር አልጌ ዓይነት»።

ቁጭ ብሎ ትንሽ ቆየ። ነገሩ ገባው እንጂ አልነካውም። ተነሥቶ ወደ ሳልቶ ስልክ አስደወለ፤ አሥር ደቂቃ አወራና ወደ ዶኛ ኤርሚኒያ ክፍል ተመለሰ።

«ቀላል ቀላሉን ነበር የሚተዉልዎ» አላቸው፣ አሮጌዎቹን ጋዜጦች እንደያዘ በሩን ዘግቶ።

«ከሁለት ዓመት በፊት እጄን ሲይዘኝ ቃላቱም አብረው ሄዱ» አሉ ዶኛ ኤርሚኒያ። «የማንኪያ ስም የሚጠፋኝ ቀን አለ። ሴሌስቴ ካወቀች አበቃልኝ። ሌላ ቤት የለኝም፣ ልጅ የለኝም።»

«እርስዎ ካልተናገሩ ራሞና ነገ ወህኒ ትወርዳለች።»

«ያገኘኸውን ጋዜጣ አሳይ።»

«ጋዜጣው እጅ ይለያል እንጂ አፍ የለውም። ጠበቃ ሲመጣ ‹ሽማግሌው አንዳንዴ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር› ይላል። ማን ምን እንደጻፈ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ አንደኛው ሞተዋል።»

«አልችልም።»

«አላስገድድዎትም» አለ። እውነቱን ነው፤ ለማስገደድም ትንሽ ንዴት ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ያ የለውም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ምግብ ቤት ሰበሰባቸው። ራሞናን ሳጅኑ በካቴና አስሮ ከጣቢያ አመጣት፤ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የወሰዷት። ዶኛ ኤርሚኒያ ጥግ ተቀመጡ። ኦታሜንዲ የዛሬውን ጋዜጣ ጠረጴዛው መሐል ዘረጋው።

«ዶን ኤቫሪስቶ እስከ ሦስት ሰዓት መኖራቸውን የሚናገረው ይሄ ወረቀት ብቻ ነው» ሲል ጀመረ። «ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፃቸውን የሰማ የለም፣ ፊታቸውን ያየ የለም። ይህን የሞሉት እሳቸው ከሆኑ፣ የገደላቸው ማቴው ነው፤ ጥፋተኛዋም ራሞና ናት። የሞላው ሌላ ሰው ከሆነ ግን በመርፌው ጊዜ ሞተዋል ማለት ነው፤ ማቴው ውስጥ የተገኘው መድኃኒትም፣ ስኳሩ ጀርባ የተገኘው ብልቃጥም፣ በኋላ ለማሳሳት የተጨመረ ነው።»

«የሳቸው ፊደል ነው» አለች ሴሌስቴ አንገቷን አስግጋ።

«ይመስላል። ለሁለት ዓመት ምሳ ላይ ያየው ሰው በደንብ አስመስሎታል። ይልቅ የቀሩትን ተመልከቱ። ዶክተር፣ ዶን ኤቫሪስቶ ለመምህርቷ የሚተዉት የትኞቹን ነበር?»

«ያቃቷቸውን ነዋ። ማን የማያውቅ አለ።»

«ዛሬም የቀሩት ከባዶቹ ሦስቱ ናቸው። እና እዚህ ላይ...» ኦታሜንዲ ቆመ። ዶኛ ኤርሚኒያን አላያቸውም። አሮጌዎቹ ጋዜጦች ክንዱ ሥር ነበሩ፤ አላወጣቸውም። ራሞና እግሯን እያየች ነበር።

«እዚህ ላይ እኔ ልናገር» አሉ ዶኛ ኤርሚኒያ።

ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ለቅሶም ቁጣም የለበትም።

«ዶን ኤቫሪስቶ ያቃታቸው ቃል አልነበረም። አእምሮዬ እየሄደ መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። በየማለዳው ከባዶቹን ይሞሉና ሕፃን የሚያውቃቸውን ሦስት አራቱን ይተዉልኛል፣ ምሳ ላይ ሰው ፊት እንዳላፍር። በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገባኝ። እንዳላወቅሁ ሆንኩ። ዶክተሩ ሲስቅባቸው፣ ሴሌስቴ ሳቅ ሲያመልጣት፣ እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ዛሬ ጠዋት ጋዜጣው ሲገባ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ከፋኝ። ‹ሰለቸኋቸው፣ ተዉኝ› ብዬ ነው ያሰብኩት። ሞተዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ሴሌስቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«ስለዚህ ይህን የሞላው ሰው» ሲል ኦታሜንዲ በዚያው ወጥ ድምፁ ቀጠለ፣ «ሁሉንም ቢሞላ እንደሚያስጠረጥር ያውቃል፤ ለመምህርቷ የሚቀር እንዳለ ያውቃል፤ የሚቀረው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ዶኛ ኤርሚኒያ ያውቃሉ። ሴሌስቴ ገበያ ነበረች። ራሞና፣ ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ጋዜጣውን አስጠጋላት።

«እኔ ምኑን አውቄው ጌታዬ» አለች ራሞና። «ማንበብ አልተማርኩም።»

«ከቡና ጋር የሚጨርሰው ሰው ነው የቀረው።»

ፒሪስ አልተነሣም። ጢሙን እንኳ አልነካም።

«ዶን ኤቫሪስቶ ስለ እርስዎ ሳልቶ ጠይቀው ነበር» አለው ኦታሜንዲ። «የወንድማቸው ልጅ አሁን በስልክ ነገረኝ፤ ዶክተር ፒሪስ የሚባለው ሐኪም ከተቀበረ ስምንት ዓመቱ ነው። እርስዎ የሱ መርፌ ወጊ ነበሩ፤ ሲሞት ስሙንም ወረቀቱንም ይዘው መጡ። ሽማግሌው በፖሊስ አልከሰሱዎትም። ራስዎ እንዲናገሩ እስከ ዓርብ ቀን ሰጡዎት፤ ይህንንም ለወንድማቸው ልጅ ጽፈውለታል። ዛሬ ጠዋት የመርፌውን መድኃኒት ቀየሩት። ጋዜጣውንና እርሳሱን ወደ ክፍልዎ ወሰዱ፣ ሞሉ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አሾለኩ። ራሞና ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ትሪውን አስገቡ፣ ግማሹን ደፉ፣ ብልቃጡን ስኳሩ ጀርባ አደረጉ። ደብዳቤውን ወሰዱ፤ ፖስታውን ረሱት።»

ሰውየው ጋዜጣውን ወደ ራሱ ሳበና ሦስቱን ባዶ መስመሮች አየ።

«ቀላሎቹን?» አለ። «ያን ሁሉ ስስቅባቸው... የሚተዉት ቀላሎቹን ነበር?»

ሳጅኑ ካቴናውን ከራሞና እጅ ፈትቶ ለሱ አደረገው።

በማግስቱ ኦታሜንዲ የዶኛ ኤርሚኒያን ቃል ሊያስፈርም ማለዳ መጣ። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ አንድ ሹራብ ብቻ ገብቶበታል።

«ውጪ አለችዎት?» አለ።

«ሴሌስቴ? ምንም አላለችኝም። ማታ ሾርባ ይዛ መጥታ፣ እዚህ ቆማ፣ ሳትናገር ሄደች። እኔ ነኝ ማሰናዳት የጀመርኩት። ከዚያ ደግሞ ምን እንደምከት ጠፋኝ።»

ፈረሙ። ሦስት ሰዓት ሆነ። በሩ ሥር ወረቀት ተንሿሿ፤ የራሞና ነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ ወጥ ቤቱ ራቀ። ኦታሜንዲ ጎንበስ ብሎ አነሣው። የዛሬው ጋዜጣ ነው፣ መስቀለኛ ቃላቱ ባለበት ገጽ ታጥፎ። ራሞና ማንበብ አትችልም፤ ሰዓቱን ግን ታውቃለች። አንድም ሣጥን አልተሞላም።

ዶኛ ኤርሚኒያ ባዶውን ገጽ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ሰማያዊ እርሳስ አወጡና ዘረጉለት።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ከባዶቹን አንተ ሙላ። ቀላሎቹን ለኔ ተውልኝ።»

ሻንጣውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እርሳሱን ተቀበለና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ፤ ቀላል ነበር፣ አለፈው።