ለቅሶ የደረሱ ቤቶች

አውቶቡሱ መስቀለኛው ላይ ቆመ። መንገዱን የዘጋው ቤት ነበር። ባለ ሁለት ክፍል ቤት በስድስት የብረት እግሮች ላይ ተቀምጦ፣ መጋረጃው በመስኮት እየተውለበለበ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይሻገራል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

"የዛሬው ደግሞ እርጉዝ ነው መሰለኝ፣ አልራመድ አለ" አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት።

"ይሁን እስቲ። ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆች ላሉት ሰው ደርሶት ይሆናል" አላት አጠገቧ ያለው ሰውዬ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ቤቱ ተሻገረ፤ አውቶቡሱም መንገዱን ቀጠለ።

ትርሲት መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ የቀኑን ሥራዋን በእጇ ከያዘችው ዲጂታል ሰሌዳ ላይ ታነባለች። በዳር አዋሽ ከተማ ቤት ሲሄድ ማየት ለማንም ብርቅ አይደለም፤ ለእሷማ መተዳደሪያዋ ነው። በመጠለያ ቢሮው ውስጥ "ባዶ አረጋጋጭ" የሚባለው ሥራ የእሷ ነው። የከተማዋን ቤቶች የሚያስተዳድረው የማሽን አእምሮ "ከለላ" ይባላል። ከለላ በየመብራት ምሰሶው ላይ ባሉት ቆጣሪዎቹ ማን የት እንዳደረ ያውቃል። ሰባት ሌሊት ሙሉ ሰው ያላደረበት ቤት ሲያገኝ፣ ባለ ስድስት እግር ተሸካሚዎቹን ልኮ ቤቱን እንዳለ ያነሳና ቤት ወደሌለው ሰው ይወስደዋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ገብቶ በዓይኑ ማየት አለበት። ምድጃውን ይዳብሳል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ አልጋ ሥር ያያል። ከዚያ "ባዶ ነው" ብሎ አውራ ጣቱን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። ትርሲት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ ቤቶች በአውራ ጣቷ አስነስታለች።

ሕጉን ትወደዋለች። ልጅ ሳለች፣ ሰው ገብቶባቸው በማያውቅ የተቆለፉ ፎቆች ደጃፍ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ሰው አይታለች። የሰባት ሌሊት ሕግ ከወጣ ወዲህ ያ ቀርቷል። አሁን ቤት የሌላቸው በክረምቱ ጎርፍ የተፈናቀሉት ብቻ ናቸው። እነሱም ከወንዙ ማዶ በሸራ ሥር ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

የዛሬው ሥራ ግን እንግዳ ነበር። በአርባ ሁለተኛው መንደር፣ በአንድ ረድፍ ላይ ያሉ አሥራ ሁለት ቤቶች ሁሉም በአንድ ቀን ባዶ ሆነዋል፤ ሁሉም ሰባት ሌሊት ሞልቷቸዋል። የሚነሱት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። ተቀባዮቹም ተለይተዋል፤ አሥራ ሁለት የጎርፍ ተፈናቃይ ቤተሰቦች። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው ዘሃራ ኡመር ትባላለች፤ የሦስት ልጆች እናት ናት።

ትርሲት ረድፉ ጋ ስትደርስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። የመጀመሪያው ቤት አልተቆለፈም። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ የተቆረሰ ዳቦ ድንጋይ ሆኗል። ልብሱ ግን ሁሉም በቦታው ነው፤ መታጠቢያው ላይ ሦስት የጥርስ ብሩሾች ቆመዋል። ቤት ለቆ የሚሄድ ሰው ሌላው ቢቀር ብሩሹን አይተውም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቤት እንደዚያው ነበር። አራተኛው ቤት አልጋ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ተኝታ አገኘች። ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ተኛች። ቆጣሪው ዶሮ አይቆጥርም።

ከስድስተኛው ቤት ስትወጣ የብዙ ሰው ሳቅ ሰማች። ድምፁን ተከትላ ሄደች። ከረድፉ ጀርባ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። ውስጡ ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ ጥግ ጥጉን ፍራሽ ተነጥፏል፤ ንፍሮ በሰሃን ይዞራል። ሲያዩዋት ሳቁ ቆመ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች፣ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ።

"እግዜር ይስጥልን። ግቢ ልጄ" አሉ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጋሽ ሽብሩ ይሏቸዋል። አንዲት ረዥም ሴትዮ ሳትጠይቃት ንፍሮ እጇ ላይ ዘገነችላት። ስሟ ስንዱ ነው።

"ማን ነው ያረፈው?" አለች ትርሲት።

"ወርዶፋ። የመጨረሻው ቤት። የእድራችን ጸሐፊ ነበር።"

"እናንተ ዘመዶቹ ናችሁ?"

"ዘመድማ አልነበረውም" አለች ስንዱ። "እኛ ነን።"

ትርሲት ፍራሾቹን አየች። "ሁላችሁም እዚህ ነው ያደራችሁት? ሰባቱንም ቀን?"

"ሕፃኑ ሳይቀር።"

"እድር እኮ የሚቀመጠው ሦስት ቀን ነው። ማታ ማታም ሰው ወደየቤቱ ይገባል።"

"የሌላው እድር ቤት ውስጥ የተወለደ ነው እህቴ። የኛ የተወለደው ድልድይ ሥር ነው" አለች ስንዱ። ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ።

ጋሽ ሽብሩ አስረዷት። እዚህ ያሉት ሠላሳ አራት ሰዎች፣ ከሕፃኑ በቀር፣ ሁሉም በአሮጌው ድልድይ ሥር አብረው የኖሩ ናቸው። ያን ጊዜ ከመካከላቸው ሰው ሲሞት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይመጣል፤ ሬሳውን ይጭናል፤ ወዴት እንደወሰደው የሚናገር የለም። ተሰብስበው ሊያለቅሱ ሲሉ ደንብ አስከባሪ ይበትናቸዋል። የዛሬ አራት ዓመት ከለላ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቤት ሲያመጣ፣ መጋረጃ እንኳ ሳይሰቅሉ እድር አቋቋሙ። ደንቡን የጻፈው ወርዶፋ ነው። አባል ሲሞት ሁሉም ሰባት ቀን ይቀመጣል፤ ማንም ቤቱ ሄዶ አያድርም። እስከዛሬ የሞተ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ራሱ ሆነ።

"ሰባት ቀን ምነው አበዛኸው ብለነው ነበር" አሉ ሽማግሌው። "'ያላለቀስንላቸው ብዙ ናቸው፤ የነሱንም ጨምሬ ነው' አለን።"

ትርሲት ንፍሮውን እንደያዘች የመጣችበትን ነገረቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ ጫጫታ ሆነ።

"የኔን ቤት? ዶሮዬ እኮ አልጋዬ ላይ ናት!"

"ዶሮሽን ተያት፣ እኔ መድኃኒቴ እዚያ ነው!"

"አሁኑኑ ሄደን እንተኛ በቃ!"

"ቆጣሪው የሚያየው ሌሊቱን ነው" አለች ትርሲት። "ሰባቱ ሌሊት አልፏል።"

"ታዲያ ንገሪዋ ለዚህች ከለላ ለምትሏት!" አለች ስንዱ። "ለቅሶ ነው በያት። እናት የላትም እንዴ?"

ትርሲት ሰሌዳዋን አሳየቻቸው። ቤት ባዶ የሚሆንበት ምክንያት ተዘርዝሯል፤ ጉዞ፣ ሕክምና፣ እስር፣ የነዋሪው ሞት፣ ለቆ መሄድ። ሌላ የለም።

"ሜዳ ላይ አትጣሉም" አለች። "እናንተም ተራ ይያዝላችኋል። ቢበዛ በሁለት ወር ሁሉም ቤት ያገኛል።"

"አንድ ላይ?" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"ክፍት ቦታ በተገኘበት ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከተማው ዳር።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ቀጣዩ ሲሞት የሚቀመጥለት የለም ማለት ነው።"

"ለማን ነው የሚሰጡት?" አለች ስንዱ።

"ለጎርፍ ተፈናቃዮች።"

ስንዱ ነጠላዋን አስተካከለች። "እኔም ሸራ ሥር ኖሬያለሁ" አለች በመጨረሻ። "አልሰጥም ማለት ያሳፍረኛል። ልስጥ ማለት ደግሞ አቃተኝ።"

ትርሲት ከድንኳኑ ወጥታ አለቃዋን ሙሉቀንን በስልክ አገኘችው። ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

"ገባኝ" አላት። "ግን ምን ላድርግ? ቆጣሪ ያላየውን እጅ አይመሰክርም። 'ባዶ አይደለም' ብትዪ ከለላ አይቀበልሽም። ነገ ማንም ተነስቶ ቤቱን ቆልፎ ዘመድ ሞቶብኛል ቢልስ? ሕጉ የሚሠራው ጨካኝ ስለሆነ ነው ትርሲት።"

"አውቃለሁ።"

"አሥር ሰዓት ሳይሆን ጨርሺ።"

ስልኩን ዘጋች። ግራሩ ሥር ቆመች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። የድሮ ሠፈራቸው ሲፈርስ ከለላ ጥሩ ቤት ሰጠው፤ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት፣ የማይቋረጥ ውሃ። ጎረቤቶቹ ግን በከተማው ተበተኑ። እሷ በየጠዋቱ ሰሌዳዋን ከፍታ ስሙን ትፈልግ ነበር፤ "በቤቱ አድሯል" ይላል። ልቧ ያርፍና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ሳምንት እንደዚያ አለ። ሌላም ሁለት ቀን። በአሥረኛው ቀን ሄዳ በሩን ስትከፍት፣ አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ቆጣሪው አልዋሸም፤ በቤቱ አድሯል። ሦስት ሰው ቀበረው፤ አንዱ የመኪናው ሾፌር ነው። ከሳምንት በኋላ ቤቱን ገብታ አየች፤ ምድጃውን ዳበሰች፤ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ሰሌዳዋን እንደገና ከፈተች። ባዶ አረጋጋጮች እምብዛም የማይነኩት አንድ ገጽ አለ፤ "በመስክ የተገኘ ያልተመዘገበ መኖሪያ" ይላል። የጎዳና ዘመን ሲያበቃ የተረሳ ገጽ ነው። መሙላት ጀመረች። ጣሪያ? አለው። ግድግዳ? ሸራ። ያደሩበት ሌሊቶች? ሰባት። ነዋሪዎች? ሠላሳ አራት ሰው፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ። ይህን ሁሉ ቆጣሪውም አይቶታል፤ ሌሊት ሌሊት ሠላሳ አራት ሰው ግራሩ ሥር ተኝቶ ነበርና። አንድም ውሸት የለበትም። አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ቀሪዎቹንም ቤቶች ገብታ አየችና ከወርዶፋው በቀር አሥራ አንዱን "ባዶ ነው" ብላ አረጋገጠች። ከዚያ ሰሌዳው ቀላ። "በአንድ ክፍል ሠላሳ አራት ሰው። እጅግ የተጨናነቀ። ከተራ ውጪ የሚስተናገድ። በአቅራቢያ ያሉ አሥራ አንድ ባዶ ቤቶች ወደ ቦታው ይላካሉ።"

አሥር ሰዓት ሲሆን ተሸካሚዎቹ በረድፉ ሥር ገቡ። ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ሰዎቹ ከድንኳኑ ወጥተው ተያያዙ። የመጀመሪያው ቤት ተነሳ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

"ሄደ" አለች ስንዱ። "ሄደ በቃ።"

ቤቱ ግን ወደ መንገዱ አልዞረም። ሰማንያ እርምጃ ያህል ሄዶ፣ ከድንኳኑ በስተግራ፣ በሩን ወደ ድንኳኑ አድርጎ ቁጢጥ አለ። ሁለተኛው ተከተለና ከጎኑ ቆመ። ሦስተኛው። አራተኛው፣ የስንዱ ቤት፣ ዶሮዋ በመስኮቱ እየጮኸች መጣ። አንዱ ባንዱ ጎን እየቆመ ድንኳኑን ዙሪያውን ከበቡት፤ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ቀድሞ የተቀመጠውን እንዳይረግጥ እንደሚጠነቀቀው፣ በቀስታ።

ጋሽ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወርዶፋ ሆይ" አሉ፣ "ቤት እንኳ ለቅሶህን ደረሰ።"

ወዲያው ሙሉቀን ደወለ። "ምንድን ነው ያደረግሽው?"

"ያየሁትን ጻፍኩ።"

"አሥራ አንድ ቤተሰብ ዛሬም ሸራ ሥር ያድራል። ይህንንም ጽፈሽዋል?"

ትርሲት ዓይኗን ወደ ወንዙ ማዶ መለሰች። ሙሉቀንም አልተቆጣም፤ ቀጣይ ቤቶች እስኪገኙ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል ብቻ ነግሯት ዘጋ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ትርሲት ያንን ከሐሳቧ ልታወጣው አልሞከረችም።

በድሮው ቦታ ብቻውን የቀረ አንድ ቤት አለ፤ የወርዶፋ። ትርሲት ገባች። ምድጃውን ዳበሰች። የእድሩ መዝገብ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። ይሄኛው እውነትም ባዶ ነው። ወጥታ ለጋሽ ሽብሩ ነገረቻቸው፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው የሦስት ልጆች እናት ልትወስደው እንደምትችልም አከለች።

"አርባው እስኪወጣ ባይነካ ጥሩ ነበር" አሉ። ከዚያ ሰዎቹን አዩ።  "ይሰጣት። እሱም ቢሆን ይሰጣት ነበር። ግን ቤቱ አይነሳ። እሷ ትምጣ።"

ፀሐዩ ሳይጠልቅ የቢሮው መኪና ከወንዙ ማዶ መጣ። ዘሃራ ኡመር አንድ ጥቅል አዝላ፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ወረደች። ትርሲት ሄዳ ሰላም አለቻት። "ያውልሽ፣ ያ ነው" አለቻት ቤቱን እያሳየች።

ዘሃራ ግን የምታየው ድንኳኑን ነበር። "ምንድን ነው?"

"ለቅሶ ነው። የቤቱ ባለቤት ነው ያረፈው።"

ሴትዮዋ ጥቅሏን መሬት ላይ አወረደች። ለልጆቿ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ወደ ድንኳኑ ገባችና ከደጃፉ አፈር ላይ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የሰባት ቀን ለቅሶ የጨረሱት ሰዎች ደንግጠው አዩዋት።

ስንዱ ጎንበስ አለች። "ወርዶፋን ታውቂው ነበር እንዴ፣ እህቴ?"

"አላውቀውም። ስሙንም አሁን ካንቺ ሰማሁ።"

"ታዲያ?"

ዘሃራ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። "ታዲያ ሰው የሞተበትን ቤት እንደ ባዶ ቤት ዝም ብዬ ልግባ?"

ስንዱ አጠገቧ ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ሰው ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። ሦስቱ ልጆች ንፍሮ ተዘገነላቸው።

የትርሲት ሰሌዳ ጠራ። "ተቀባይዋ ቤቱን ተረክባለች? አዎ። አልተረከበችም።" ትርሲት አውራ ጣቷን አነሳችና ቆየች፤ ከሁለቱ አንዱም የሚሆን አልመሰላትም። ሰሌዳውን ደፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ጫማዋን አውልቃ ከዘሃራ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ተቀመጠች።

ከለላ በዚያ ሰዓት የያዘው ቁጥር ትክክል ነው። በአርባ ሁለተኛው መንደር ቤት የሌለው ሰው አንድም አልነበረም። አሥራ ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ፤ አንድም ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።