ልጓም ያልያዘው ሰው

ከምድር በወጡ በአርባ አንደኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ግንበኛው ላቀው እንደገና አስመለሰው። ከረጢቱን አፉ ላይ ያደረሰው ለጥቂት ነው። 

«ኧረ በፈጠራችሁ! እየበላን እኮ ነው!» አለች ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ማንኪያዋን ወርውራ። የማርስን አፈር ልትመረምር የምትሄድ፣ ንግግሯ የሚሰማላት ሴት ነች። «አንተ ሰውዬ፣ እኛስ ሰው አይደለንም?»

ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። አጠገቡ የነበረው የማዕድን ቆፋሪ ሳህኑን አንስቶ ሲያልፍ ትከሻውን በክርኑ ገጨው። በስህተት አልነበረም።

አባያ የተባለችው መርከብ ስድሳ አራት ሰው ይዛ ወደ ማርስ ትጓዛለች። ሰዎቹ የሚኖሩበት ክፍል እንደ ከበሮ ክብ ነው፤ ቀን ከሌት ይሽከረከራል። እግራቸውን ወለል ላይ የሚያቆመው ሽክርክሪቱ ነው፤ ያለ እሱ እንደ ላባ በተንሳፈፉ ነበር። በሚሽከረከር ቤት የሚኖር ሰው ግን አንገቱን ባዞረ ቁጥር ያጥወለውለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱ ጆሮዎቹ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ፣ ልጓም ይለጥፋል። ልጓም የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስስ ሳህን ናት። መርከቢቱ ወዴት እንደዞረች ከዋናው ኮምፒውተር እየተቀበለች፣ ለውስጥ ጆሮ «ምንም የለም፣ ቆመሃል» ብላ ትነግራለች። ስድሳ ሦስቱ መንገደኞች የቆሙ እየመሰላቸው ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ።

ላቀው ብቻ አልቻለም። ከዓመታት በፊት ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫ ወድቆ የራስ ቅሉ በብረት ተጠግኗል፤ ብረቱ ደግሞ የልጓሙን ድምፅ አያሳልፍም። ድንጋይ በእጁ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ሰው ስለጠፋ ነው እንጂ ሐኪሞቹ ባላሳለፉት ነበር።

እሱን የማስታመም ዕዳ የወደቀው በመርከቢቱ ነርስ በሲስተር እማዋይሽ ላይ ነው። ልጓም ከመፈጠሩ በፊት የነበረውን ሕክምና ከአሮጌ መጻሕፍት ፈልጋ አወጣች። ሳያመው በፊት የሚዋጥ ክኒን ሰጠችው። ዝንጅብል አስላመጠችው። ሆዱ ባዶም ጢምም እንዳይል ደረቅ ዳቦ በትንሽ በትንሹ አበላችው፤ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ። ሲብስበት በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ አንድ ቦታ ላይ እንዲያፈጥ አስተማረችው። በሦስተኛው ሳምንት ለቀቀው፤ ሰውነት ከታገሡት ይለምዳል። ሁለቱም ተገላገልን አሉ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተመለሰበት፤ ከፊተኛው ብሶ። እማዋይሽ ከረጢት መቀየሩ፣ እጇ ላይ የሚቀረው ሽታ፣ ሰዉ እሷንም ማግለሉ መርሯት ነበር። አፍ አውጥታ አትናገረው እንጂ ጠልታዋለች።

በአርባ አንደኛው ቀን፣ ከዚያ ቁርስ በኋላ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ የሃምሳ ሰው ፊርማ ይዛ ወደ መርከቢቱ አዛዥ ወደ ካፒቴን ኢብሳ ገባች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትዕዛዝ ወጣ፦ ግንበኛው ማርስ እስኪደረስ ድረስ በመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ይቀመጥ።

ፍራሹን ተሸክማ የወሰደችው እማዋይሽ ነች። መጋዘኑ ጠባብ ነው፤ የዘይት ሽታ አለው። ላቀው በሩን አየውና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እዚህ እንኳ የሚያየኝ የለም።»

«ክኒኑን ይውጣሉ ግን?» አለችው በቁጣ። «ዋሽተው እንዳይሆን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምደውት አልነበረም እንዴ ጋሽ ላቀው? የለመዱት ነገር እንዴት ይመለሳል?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው፣ ልጄ። ይሄ የድሮው አይደለም። የድሮው ራሴን ሳዞር ነበር የሚመጣው። ይሄኛው ተኝቼም ይመጣል፣ ይሄዳል። ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይመለሳል። ሁልጊዜ አሥራ ዘጠኝ።» ወለሉን በተረከዙ መታ አደረገ። «አርባ ዓመት ግንብ ላይ ቆሜያለሁ። ግንብ ሲዘም ዓይኔ ሳያይ እግሬ ያውቀዋል። ይሄ ቤት ውሃ ልኩን ስቷል።»

ልትስቅበት ነበር። ነገር ግን ሰውየው እሷ ከያዘችው ፋሻ ላይ ክር መዝዞ፣ ከመደርደሪያው የብሎን ዳዶ አንስቶ ጫፉ ላይ አሰረና ከጣሪያው አንጠለጠለው። ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበት ቱምቢ ሆነ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ዳዶው ቀጥ ብሎ አልቆመም። በጣም በዝግታ ክብ ይሠራል። ላቀው ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ሲል ዳዶው ከተነሳበት ቦታ ደረሰ።

 እማዋይሽ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰዳ ሁለቱንም ልጓሞች ላጠቻቸው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ወለሉ ከሥሯ የሄደ መሰላት። መደርደሪያውን ያዘች፤ አፏ በምራቅ ተሞላ። ላቀው የራሱን ከረጢት አቀበላት፤ ወዲያው ቁርሷን ሁሉ መለሰችው። ቀና ስትል ፊቷ በላብ ርሷል። የሽክርክሪቱን ማዞር ለየችው፤ ከእሱ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፤ ትልቅ፣ ዘገምተኛ፣ እንደ ሰከረ ሰው አረማመድ ወዲህና ወዲያ የሚል። ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች።

ካፒቴን ኢብሳ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አዳመጣት፤ እንድትቀመጥ አልጋበዛትም። እሷ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እሱ በጣቱ ስክሪኑን እየጠቆመ ተናገረ።

«ንዝረት፣ ዜሮ። መዛነፍ፣ ዜሮ። ይሄ መሣሪያ የፀጉርን ስንጣቂ ይለካል። አንቺ ግን ክርና ዳዶ ይዘሽ መጣሽ።»

«ጌታዬ፣ ሦስታችን ቆጥረን ተመሳሳይ ቁጥር አግኝተናል። እሳቸው፣ እኔ፣ ክሩ።»

«ከሚያስመልስ ሆድ ትዕዛዝ አልቀበልም፣ ሲስተር። ከበሮውን ባቆም ስድሳ ሰው አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ጉዞው ይዘገያል። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ግንበኛው አቅለሸለሸው?»

«እርስዎም ለአምስት ደቂቃ ያውልቁትና ይስሙት።»

የካፒቴኑ እጅ ወደ ጆሮው ሄደ፤ ሳይነካው ተመለሰ። «ሠላሳ ዓመት ሰማይ ላይ ስኖር አንድ ቀን አስመልሶኝ አያውቅም» አለ።

«ሠላሳ ዓመት ልጓም ለጥፈው ነዋ።»

«ውጪ!» አለ። ጮኸ ማለት ይሻላል። «ልጓምሽን ለጥፈሽ ሥራሽ ላይ ካልተገኘሽ አንቺንም መጋዘኑ ውስጥ እቆልፍብሻለሁ!»

እማዋይሽ ወደ ክሊኒኳ ስትመለስ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ያገኟት ሰዎች አላነሷትም፤ አንዱ እንዲያውም «ተጋባባት» ብሎ መንገድ ለወጠ።

የሁሉም ሰው ልጓም የሚከፈተውና የሚዘጋው ክሊኒኩ ውስጥ ካለ አንድ ሣጥን ነው። ያለ አዛዡ ፈቃድ ማጥፋት ወንጀል መሆኑን ራሷ ፈርማ ተቀብላለች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አንዱ ሰው ደረጃ ላይ ቢወድቅስ? አንዱ ተኝቶ ቢታነቅስ? ተሳስቼስ ቢሆን? አሥራ ዘጠኝ ቆጠረች፤ ወለሉ ዘመመ። እንደገና ቆጠረች፤ ዘመመ። ከቅድሙ ይልቅ የበረታ መሰላት። የድምፅ ማጉያውን ከፈተች።

«ሁላችሁም ያላችሁበት ተኙ። በጀርባ ሳይሆን በጎን። ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እዩ። ካፒቴን፣ እባክዎ ይቁጠሩ።» ቁልፉን አዞረችው።

የመጣውን ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ስድሳ ሰው ባንድ ጊዜ አቃሰተ። ሳህን ተሰበረ፣ ሰው ጮኸ፣ ሰው ተሳደበ፤ የብዙዎቹ ስድብ እሷን የሚጠራ ነበር። ቆፋሪው በዳዴ እስከ ክሊኒኩ በር ደርሶ በሩን በቡጢ ደበደበው፤ ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ሲያስመልስ ሰማችው።

አራት ደቂቃ አለፈ፤ አምስት ሆነ። ከማጉያው ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ የካፒቴኑ ድምፅ፣ የሚያውቁት ሁሉ ባልለዩት ድምፅ፣ «አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት…» አለ።  «ከበሮው ይቁም። አሁኑኑ።»

መሐንዲሱ ከበሮውን ከመርከቢቱ አካል ጋር የሚያያይዘውን ታላቁን ኩሽኔታ ሲከፍተው ግማሹ ተሰንጥቆ፣ ብረቱ ከግለት የተነሳ ጠቁሮ አገኘው። ሁለት ቀን ቢቆይ ከበሮው ስድሳ አራት ሰው ይዞ ይነጠል ነበር። መሣሪያው ለምን ዝም እንዳለም ታወቀ። መዛነፉ በየቀኑ በጥቂቱ ይጨምር ነበር፤ ኮምፒውተሩ የትናንቱን ልክ አድርጎ እየወሰደ ለስክሪኑም ለልጓሙም «ምንም የለም» ይል ነበር። መርከቢቱ ሕመሟን ለምዳዋለች።

ጥገናው ሦስት ቀን ወሰደ። በሦስቱ ቀናት ከበሮው ቆሟል፤ የልጓሙ ኮምፒውተር እንደገና እስኪስተካከል ተዘግቷል፤ ሰዉ ሁሉ እየተንሳፈፈ ይታመማል። እማዋይሽ ለብቻዋ አልበቃችም። መታመም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ላቀው ከመጋዘኑ ወጥቶ፣ ከረጢትና ዝንጅብል በወገቡ አስሮ፣ እጀታ በእጀታ እየተሳበ ከአልጋ አልጋ ዞረ።

«ክኒኑ ከወረደ በኋላ ነው ውሃው፤ አንድ ጉንጭ። አትታገለው፣ ይለፍ። እዚያች ብሎን ላይ አፍጥ። እንዲህ ነው።»

ወይዘሮ አመለወርቅ ጋ ሲደርስ ፀጉሯና ልብሷ ተበላሽቶ ታለቅሳለች። ግንባሯን ደግፎ ከረጢቱን ያዘላት።

«አትየኝ» አለችው። «በናትህ፣ አትየኝ።»

ላቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከረጢቱን ግን አልለቀቀም።

በአራተኛው ቀን ከበሮው ዞረ፤ ሰዉ መሬት ረገጠ፤ ልጓሞቹ ተከፈቱ። አዳራሹ ታጠበ፤ ሳቅና ካርታው ተመለሰ። ላቀው ሳህኑን ይዞ ሲገባ ግን ሳቁ ቆመ። የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሱ። የተናገረው የለም፤ የገጨውም የለም። ቆፋሪው ጣሪያ ጣሪያ እያየ አለፈ። ወይዘሮ አመለወርቅ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

እማዋይሽ አፏ ድረስ የደረሰውን ስድብ ዋጠችና ከፊቱ ተቀመጠች። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! ነፍሳቸውን አትርፈውላቸው?»

«በፊት የጠሉት ትውከቴን ነበር» አለ ላቀው ዳቦውን እየቆረሰ። «አሁን የሚጠሉት ዓይኔን ነው። አይቻቸዋለኋ። አንቺንም አይወዱሽም፣ ልጄ፤ ልመጂው።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ካፒቴን ኢብሳ ክሊኒኩ ገባና በሩን ዘጋ። እማዋይሽ ተነስታ ቆመች።

«ሪፖርቱን ልኬያለሁ» አለ፤ ዓይኗን አላየም። «ያለ ፈቃድ ልጓም አጥፍተሻል፤ ሦስት ሰው አጥንቱ ተሰብሯል። ማርስ ስንደርስ ትጠየቂበታለሽ። ኩሽኔታውንም ጽፌዋለሁ። የሆነውን ሁሉ ነው የጻፍኩት።»

«ገባኝ፣ ጌታዬ።»

አልወጣም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ስክሪኑ ዜሮ ይላል። አስተካክለውታል፣ ዜሮ ይላል። አየዋለሁ፤ አላምነውም። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።» እጁን ወደ ጆሮው ወሰደ፤ አሁን አልመለሰውም። ሁለቱን ሳህኖች ልጦ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «አሥር ደቂቃ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከረጢት ሰጠችው። ፊቱ ወዲያው ገረጣ። ጠረጴዛውን ጨብጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ አለፈ፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ስድሳ። ምንም የሚመለስ ነገር አልመጣም፤ የሽክርክሪቱ ማዞር ብቻ። መጨረሻ ላይ አስመለሰው፤ እሷም ጀርባውን ደገፈችው። እጇን አልገፋውም።

«ደህና ናት» አለ አፉን እየጠረገ። ስለ መርከቢቱ ነው። ልጓሞቹን ለጠፈ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፊቱ እንደ ቀድሞው ጠነከረ። «ነገ በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ» ብሎ ሳያመሰግን በሩን ከፈተ።

መተላለፊያው ላይ ወይዘሮ አመለወርቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከእሷ ኋላ ቆፋሪው፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች አራት። ሁሉም ልጓማቸውን ልጠው በጡጫቸው ይዘዋል፤ የአንዳንዶቹ ከንፈር ይቆጥራል። አንዱም ሌላውን አያይም። ካፒቴኑ ማንንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

እማዋይሽ ከረጢቶቹን ቆጠረች፤ አይበቁም። ማጉያውን ከፍታ፣ «ጋሽ ላቀው፣ ክሊኒክ ይፈለጋሉ» አለች።