ከብርሌው ሥር የወጣችው ዓሣ

እኔ በቀትር ጋኔን የማምን ሰው አይደለሁም፣ እናቴ «በእኩለ ቀን ወንዝ አትውረድ» ስትለኝ ሆን ብዬ የምወርድ ልጅ ነበርኩ፣ ስለዚህ የማወራህን ተረት አትበለው።

አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ስሠራ፣ አሮጌ ብርጭቆ ያገኘ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ሥሩ ላይ ስስ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ ፈተግ ፈተግ ሳደርገው የሠሪው ምልክት ብቅ ይላል፣ ከዚያ አገሩንና ዘመኑን እናገራለሁ። ጌታሁን የሚባል ወጣት ቴክኒሻን ተዛውሮ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት የእናቷን ብርሌ ስታሳየኝ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ስላልወጣ «የትናንት የፋብሪካ ዕቃ ነው» አልኳት። ጌታሁን ግን ሥሩን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገና፣ «እትዬ፣ ይቺ ጠባሳ ከነፊው ዘንግ ሲላቀቅ የቀረች ናት፣ በአፍ የተነፋ አሮጌ ብርሌ ነው» አላት። እንዴት ደስ እንዳላት! ቅናት አንጀቴን አሳረረው፣ አልደብቅህም።

ጌታሁን በይሉል ከሚባለው የባሕር ዳር መንደር ከአንድ ዓሣ አጥማጅ የገዛው፣ ሥሩ ላይ ጅራተ ቆራጣ ዓሣ የታተመችበት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት ብርጭቆ ነበረው። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ ከተማው በሙቀት ዘግቶ ሲተኛ፣ ቁልፉን የት እንደሚያስቀምጥ አውቅ ነበርና ቤቱ ገብቼ ዓሣዋን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠፋኋት። ስፈገፍግ መደርደሪያው ላይ አንድ ነገር ጢን ይላል፣ ሳቆም ያቆማል። መደርደሪያው ላይ ደግሞ፣ እመነኝ፣ እኔ ካነሳሁት ብርጭቆ በቀር ዕቃ አልነበረም።

ቤቴ ስደርስ ወይንሸት ብርሌውን ገልብጣ ይዛለች።

«ምልክት የለውም አላልከኝም? ታዲያ ይቺ ዓሣ ምንድን ናት?»

ስስ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ ፈተግኩት። ራሷ ናት፣ ጅራቷ እንደተቆረጠ።

አመሻሹ ላይ ጌታሁን መጥቶ ብርሌውን አየና፣ «ጋሼ፣ የኔዋ ዛሬ ጠፍታብኛለች፣ ለካ እርስዎ ቤት ኖሯል የመጣችው» ብሎ ሳቀ። ወይንሸትም አብራው ሳቀች። እየቀለደ ይሁን አውቆብኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ ግን ከዓሣዋ ይልቅ የወጋኝ የሷ ሳቅ ነው።

ጌታሁን ወደ ምጽዋ ከተዛወረ ቆየ። ብርሌውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቀትር ላይ ጋደም ስንል ግን ጢን ይላል፣ ያኔ ወይንሸት ከእንቅልፏ ሳትነቃ ፈገግ ትላለች።