ከኋላ ያሉት አልሰሙም

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄንን ከአሁኑ እወቁልኝ፣ አባቴ የደብር አገልጋይ ሆኖ እንኳ ቤታችን ውስጥ የጋኔን ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። በኋላም በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆንኩ፣ የስልክ ሰው ደግሞ ድምፅ ሲሰማ «ከየት መስመር ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም።

ያን ጊዜ የሐሙስ ምሽት ወግ የምንለው ነገር ነበረን፣ አይ፣ እሱን ብታዩልኝ! እኛ ኦፕሬተሮቹ፣ መስመር ሠራተኞቹ፣ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ጠባቂ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ሁላችን ከሥራ በኋላ ጋቢያችንን ደርበን ስዊችቦርዱ፣ መስመሮቹን በገመድ የምናገናኝበት ሰሌዳ፣ ያለበት ክፍል እንሰበሰባለን፣ ከመካከላችን አንዱ ተነስቶ የሚያውቀውን ያስተምራል። የእኛ ሥራ ሲበላሽ እንጂ ሲሠራ ማንም አያየውም፣ ስልኩ እምቢ ካለ ይሰድቡናል፣ ከሠራ ደግሞ በራሱ የሠራ ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ እርስ በርሳችን እንተያይ ብለን ነው የጀመርነው። ከሁሉ የሚያኮራኝ ግን ምኑ መሰላችሁ፣ የእነዋሪን፣ የለሚንና የጎረቤላን መስመር ስዊችቦርዱ ላይ አንድ ላይ እናገናኝና ሬዲዮ ጠጋኙ በሠራልን ድምፅ ማጉያ እንለቀዋለን፣ እዚያ ብቻቸውን የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ከያሉበት ሆነው ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ። ዛሬ ልጆቼ በኢንተርኔት ስብሰባ አለን ብለው ሲኮሩብኝ ዝም ብዬ ነው የምስቀው።

ታዲያ በዚያ ዘመን ሰው ሰብስቦ ማውራት እንደ ዛሬው አልነበረም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ የተሰጠንም ጓድ ፋንታሁን የሚባል የቀበሌ ሰው በር አጠገብ ተቀምጦ እንዲከታተለን ተስማምተን ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፣ ግን ሲያስል እንኳ ሁላችንም ዞር እንላለን።

ያቺ ሐሙስ የእኔ ተራ ነበረች፣ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እኔ ነኝ፣ ለዚያች ቀን ብዬ የገዛሁትን ሰማያዊ ሹራብ ዛሬም አልጣልኩትም። ርዕሴ «መስመር ሲታመም በድምፁ እንዴት ይታወቃል» የሚል ነበር። ልጀምር ስል ባልደረባዬ ስንዱ እነዋሪን አገናኘች፣ የዚያው ኦፕሬተር «እንደምን አመሻችሁ» አለ፣ ለሚም እንዲሁ። ስዊችቦርዱ ላይ ደዋይ ሲኖር ጠብ የምትል ትንሽ ክዳን አለች፣ የጎረቤላዋ ክዳን ሳንደውልላት ራሷ ጠብ አለች፣ ጎረቤላ ያለው ኦፕሬተር ሰይድ ቸኩሎ ነው ብለን ሳቅንና ስንዱ ገመዱን ሰካችው። ሰይድ ግን ሰላም አላለንም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጀመርኩ። ነፋስ ሁለቱን ሽቦ ሲያጋጨው እንዴት እንደሚንኳኳ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ሲነካው እንዴት እንደሚያጉረመርም በአፌ እያሰማሁ ሳስረዳ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሞቅ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከድምፅ ማጉያው አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ራቅ ብሎ ሳለ፣ አንዲት ሴት «እሽሽ» አለች። እመኑኝ፣ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ያለው ያ ድምፅ፣ ዝም ያለ ግን የሞላ ድምፅ አለ አይደል፣ እሱ ነበር።

ስንዱ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቀስ ብላ የእነዋሪን ገመድ ነቀለች፣ ድምፁ አልጠፋም፣ የለሚን ነቀለች፣ አሁንም አለ። ከጎረቤላ ነው ማለት ነው።

እኔ ምን ላድርግ፣ መናገሬን ቀጠልኩ። «የተቆረጠ መስመር ግን አያጉረመርምም፣ አይንኳኳም፣ ዝም ይላል፣ ዝም ስላለ ግን ከወዲያ ሰው የለም ማለት አይደለም፣ እኛ ሄደን እስክንቀጥልለት የሚጠብቅ ሰው አለ» ብዬ ጨረስኩ። በክፍሉ ያለው ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ከድምፅ ማጉያው አንድ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፣ ትሑት፣ የጥንት ሰው አነጋገር ያለው።

«እመቤቴ፣ ስለተቆረጠው መስመር ያሉትን ቢደግሙልን፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ ጋር ኩራትም መጣብኝ፣ በሕይወቴ ማንም ድገሚልን ብሎኝ አያውቅማ! ድምፄን ከፍ አድርጌ ቃል በቃል ደገምኩት። ያን ጊዜ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው፣ የእኛዎቹ እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ ነበር፣ ጭብጨባው እንደ በረዶ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወረደ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

ጓድ ፋንታሁን ተነሳ። «ጎረቤላ ይሄን ሁሉ ሰው የሰበሰበው ማነው? በማን ፈቃድ?» አለኝ።

«ጓድ፣ እኔም እንደ እርስዎ አሁን ነው የሰማሁት።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን፣ ሰዉ እዚያ ከተገኘ ይሄ ወጋችሁ ያበቃል፣ አንቺም ትጠየቂበታለሽ።»

ትጠየቂበታለሽ ማለት በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ ጓድ ፋንታሁን፣ እኔና መስመር ሠራተኛው ጋሽ ገመቹ በሥራ መኪናው ሄድን፣ ጋሽ ገመቹ ይነዳል። የቁንዲን ተራራ መንገድ ሳንጨርስ ጋሽ ገመቹ መኪናውን አቆመ፣ ወርዶም ወደ መስመሩ ሄደ። ምሰሶው ወድቋል፣ ሽቦው ገብስ ማሳው ላይ ተቆርጦ ተጋድሟል፣ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ደርቆ የተጋገረ ጭቃ አለ።

«ይሄ የዛሬ አይደለም» አለ።

«የትናንት ማታ ይሆናል» አለ ጓድ ፋንታሁን።

«ማታማ ካፊያም አልነበረም። ዝናቡ የጣለው በቀን ነው፣ ያኔ ነው የወደቀው።»

ጥገናውን ለመልስ ትተን ጎረቤላ ወረድን። ሰይድ ገና ሲያየን ሮጦ መጣ። «አልሐምዱሊላህ መጣችሁ! ከትናንት ቀትር ጀምሮ መስመሩ ሞቷል፣ ወግሽም አመለጠኝ፣ ወላሂ ስበሳጭ ነው ያመሸሁት!» አለኝ። ጓድ ፋንታሁን ቤቱን አየ፣ ጎረቤቱን ጠየቀ፣ የተሰበሰበ ሰው ያየ የለም፣ ደግሞ የሰይድ ቢሮ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ጓድ ፋንታሁን ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?» አለኝ በቀስታ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አዘንኩለት።

«ትምህርቱ ጥሩ ነበር ይበሉ» አልኩት። እንዳልኩትም አደረገ መሰለኝ፣ ወጋችንን ማንም አልዘጋብንም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ሐሙስ ተናግሬያለሁ።

ግን የመልሱ መንገድ አለ። ጋሽ ገመቹ ምሰሶውን በገበሬዎች እርዳታ አቆመ፣ ገበሬዎቹ ወደ ማሳቸው ተመለሱ፣ እሱ ሽቦውን ቀጥሎ የመስመር መፈተሻ ስልኩን አያያዘና ደብረ ብርሃን ደወለ። ስንዱ አነሳች፣ ጥርት ብሎ ይሰማል አለችው። ከዚያ ጋሽ ገመቹ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዞር ዞር ብሎ ሜዳውን አየ፣ ጉም ብቻ ነው፣ እኛ ሦስታችን ብቻ ነን።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«‹እናንተ ጋ ያለው ይሄ ሁሉ ሰው ማነው?› ትለኛለች።»

መነጋገሪያውን ለጓድ ፋንታሁን ዘረጋለት። ጓድ ፋንታሁን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራሱን ነቀነቀና ወደ መኪናው ሄደ። እኔ ተቀበልኩት። በጆሮዬ ላይ ያ የሞላ ዝምታ አለ፣ ከስንዱም ከእኔም ያልሆነ።

«ከኋላ ያላችሁ፣ አሁንስ ይሰማል?» አልኩ።

መልሱን ለመጠበቅ ግን አልደፈርኩም፣ መነጋገሪያውን ለጋሽ ገመቹ መለስኩለት።